የስፖርት መኪና ጎማ ይቀያየራል ወይ? የሚቀያየረውስ እንዴት ነው?

«መኪናዬ የስፖርት ነው፤ እንደ ሌላው መኪና የፊቱን ጎማ ወደ ኋላ፣ የኋላውን ወደ ፊት ማድረግ እችላለሁ?» የሚለው ጥያቄ ደጋግሞ ይመጣል። መልሱ በመኪናው ስም ብቻ አይወሰንም። ሁለት ሰዎች ሁለት ፎርድ ሙስታንግ ይዘው አንዱ አራቱንም ጎማ ማቀያየር ሲችል ሌላው አይችልም፤ የአንዱ ጎማ አራቱም እኩል ነው፣ የሌላው የኋላ ጎማ ከፊቱ ይሰፋል። ስለዚህ ክሪክ ከማውጣትዎ በፊት ጎማውን ያንብቡ።

አጭሩ መልስ ይህ ነው። አራቱም ጎማና ቸርኬ እኩል ከሆኑ ይቀያየራል፣ መቀያየርም አለበት። የኋላው ከሰፋ ከፊት ወደ ኋላ ፈጽሞ አይሄድም፤ ቢበዛ ከግራ ወደ ቀኝ ይዛወራል፣ ያውም ጎማው ከፈቀደ። የመኪናው መመሪያ መጽሐፍ «አይቀያየርም» ካለ ደግሞ ነገሩ እዚያው ያበቃል።

ማቀያየር (ጎሚስታ ቤት «ሮቴሽን» የሚሉት) ሥራው አንድ ነው፦ ጎማዎቹ ተቀራርበው እንዲያልቁ ማድረግ። በኋላ ጎማው የሚገፋ መኪና የኋላውን ቶሎ ይበላል፤ በፊት ጎማው የሚጎተት ደግሞ ጉልበቱንም፣ መሪውንም፣ አብዛኛውን ፍሬንም የሚሸከመው የፊቱ ስለሆነ የፊቱን ይጨርሳል። አላይመንቱ (የጎማዎቹ አቀማመጥ ማዕዘን) የተበላሸን መኪና ግን ማቀያየር አያድነውም። ጥፋቱ ሳይታረም ጎማ ቢቀያየር በሁለት ጎማ ፋንታ አራቱም ይበላሻሉ።

ክፍል 1፦ ከመንካትዎ በፊት የሚወሰን

1. የአራቱንም ጎማ ቁጥር በወረቀት ይጻፉ። 215/40 አር 18 ማለት ስፋቱ 215 ሚሊ ሜትር፣ የጎኑ ከፍታ የስፋቱ 40 በመቶ፣ ቸርኬው 18 ኢንች ማለት ነው። ፊትና ኋላውን ያወዳድሩ።

ከፋብሪካ አራቱም እኩል ሆነው ከሚመጡት መካከል ማዝዳ ኤምኤክስ-5 (በአሁኑ ትውልድ 195/50 አር 16 ወይም 205/45 አር 17)፣ ቶዮታ ጂአር86 (215/45 አር 17 ወይም 215/40 አር 18) እና ሆንዳ ሲቪክ ታይፕ አር (በአሁኑ ትውልድ 265/30 አር 19) ይገኛሉ። የኋላቸው ከሚሰፋው ደግሞ ፖርሽ 911 ካሬራ በ992 ትውልዱ (ፊት 235/40 አር 19፣ ኋላ 295/35 አር 20)፣ ኮርቬት ሲ8 (ፊት 245/35 አር 19፣ ኋላ 305/30 አር 20) እና ቶዮታ ጂአር ሱፕራ 3.0 (255/35 አር 19 እና 275/35 አር 19) ተጠቃሽ ናቸው።

ሰው የሚሳሳተው በሱፕራው ዓይነት ነው። ቸርኬው ፊትም ኋላም 19 ኢንች ስለሆነ «ይገባል» ይባላል። ሂሳቡን ያስሉት፦ የፊቱ ጎማ ዲያሜትር 661 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ የኋላው 675 ገደማ ነው። መኪናው የተሠራው የኋላው በ2 በመቶ ያህል እንዲበልጥ ነው። ሲገለብጡት የፊቱ በ2 በመቶ ይበልጣል፤ ኮምፒዩተሩ ከለመደው ጋር ያለው ልዩነት ወደ 4 በመቶ ይደርሳል ማለት ነው። ኤቢኤሱ (ፍሬን ሲያዝ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚያደርገው) እና የመንሸራተት መከላከያው የሚሠሩት የጎማዎቹን ፍጥነት እያነጻጸሩ ስለሆነ ያልተንሸራተተውን ተንሸራተተ ብለው ሊያነቡ ይችላሉ። ሰፊው ጎማ መሪ ሲዞር የመከላከያውን ላስቲክ ሊነካ የሚችል መሆኑ ሳይቆጠር ነው።

2. ቸርኬውንም ያመሳክሩ። ጎማው እኩል ሆኖ ቸርኬው የተለያየ የሆነ መኪና አለ። ስፋቱና «ኢቲ» የሚለው ቁጥር ከቸርኬው ጀርባ ተቀርጿል። ኢቲው ከተለያየ ቸርኬው በሞዞው (ቸርኬው በሚታሰርበት መሐል) ላይ ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ ይጠጋል፤ ወደ ውስጥ ሲገባ አሞርዛተሩን፣ ወደ ውጭ ሲወጣ የጭቃ መከላከያውን ይነካል።

3. የጎማውን ጎን አንብበው ዓይነቱን ይለዩ።

• ባለ ቀስት ጎማ፦ ቀስት ከ«ሮቴሽን» ቃል ጋር ታትሞበታል፤ ጥርሱ እንደ ቪ ቅርጽ ነው። ቶዮ ፕሮክሲስ አር888አር ምሳሌ ነው። የሚሽከረከረው ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ነው፤ በተቃራኒው ከዞረ ውኃውን ወደ ውጭ መግፋቱ ይዳከማል።
• ውጭና ውስጥ ያለው ጎማ፦ «አውትሳይድ» እና «ኢንሳይድ» ተጽፎበታል፣ ቀስት የለውም። ሚሼሊን ፓይለት ስፖርት 4ኤስ እንዲህ ነው። «አውትሳይድ» የሚለው ወደ ውጭ እስካየ ድረስ በግራም በቀኝም ይሠራል።
• ምንም ምልክት የሌለው፦ የትም ይሄዳል።

ከዚህ ሌላ ኤን0፣ ኤን1 (ፖርሽ)፣ ኮከብ (ቢኤምደብሊው)፣ ኤምኦ (መርሴዲስ) የሚሉ ምልክቶች ካሉ አራቱም ላይ አንድ ዓይነት መሆናቸውን ይዩ። አንድ ስምና አንድ ቁጥር ይዘው የውስጥ አሠራራቸው የሚለይ ጎማዎች አሉ።

4. የጥርሱን ጥልቀት በእያንዳንዱ ጎማ ሦስት ቦታ ይለኩ፦ በውስጥ ጠርዝ፣ በመሐል፣ በውጭ ጠርዝ። በድምሩ 12 ቁጥር ይጻፉ። ይህን አይዝለሉት፤ ከሁሉም ደረጃዎች በላይ የሚያስተምረው ይህ ነው። የስፖርት መኪና ጎማ ላዩ ወደ መኪናው ዘንበል ብሎ ስለሚታሰር (ካምበር) የውስጥ ጠርዙ ቀድሞ ያልቃል፤ ያ ጠርዝ ደግሞ ቆመው ሲያዩት የማይታየው ነው። የውጭው ጥርስ 5 ሚሊ ሜትር እያለው የውስጡ ሽቦ ያወጣ ጎማ ብዙ ጊዜ ይገኛል። የፊቱን መሪ አዙረው፣ የኋላውን ደግሞ የእጅ ባትሪ ይዘው ጎንበስ ብለው ይዩ።

5. ቁጥሮቹን ይተርጉሙ።

• መሐሉ ብቻ ካለቀ፦ ነፋሱ በዝቷል።
• ሁለቱም ጠርዝ ካለቀ፦ ነፋሱ አንሷል።
• የውስጥ ጠርዝ ብቻ ካለቀ፦ ካምበር ወይም ቶ። ቶ ማለት ጎማዎቹ ከላይ ሲታዩ አፍንጫቸው መግጠሙ ወይም መራራቁ ነው፤ ከካምበር ይልቅ ጎማ የሚጨርሰው የተበላሸ ቶ ነው።
• በእጅ ሲዳስሱት በአንድ በኩል ለስላሳ፣ በሌላው እንደ መጋዝ ከሻከረ፦ ቶ።
• ዙሪያውን ጎድጎድ ካለ፦ አሞርዛተር ወይም ባላንስ።

የመጨረሻዎቹን ሦስቱን ካዩ መጀመሪያ ጥፋቱን ያሠሩ፣ ከዚያ ያቀያይሩ። በየትኛውም ቦታ 1.6 ሚሊ ሜትር የደረሰ (በጥርሱ መሐል ካለው ጉብታ ጋር የተስተካከለ) ጎማ ወደ ማንኛውም ቦታ አይዛወርም፤ ይጣላል። ከ3 ሚሊ ሜትር በታች የሆነ ሰፊ ጎማም በዝናብ በውኃ ላይ ቶሎ ይንሳፈፋል።

6. የሚዛወርበትን መንገድ ይምረጡ።

• እኩል ጎማ፣ ቀስት የሌለው፣ በኋላ የሚገፋ ወይም በአራቱም የሚነዳ፦ የኋላዎቹ ቀጥታ ወደ ፊት፤ የፊቶቹ ተሻግረው ወደ ኋላ (የፊት ግራ ወደ ኋላ ቀኝ፣ የፊት ቀኝ ወደ ኋላ ግራ)።
• እኩል ጎማ፣ ቀስት የሌለው፣ በፊት የሚጎተት፦ የፊቶቹ ቀጥታ ወደ ኋላ፤ የኋላዎቹ ተሻግረው ወደ ፊት።
• እኩል ጎማ ሆኖ ባለ ቀስት፦ በዚያው ጎን ፊትና ኋላ ብቻ።
• የኋላው የሰፋ፣ ቀስት የሌለው፦ ግራና ቀኝ ብቻ፤ የፊቱ ከፊቱ፣ የኋላው ከኋላው።
• የኋላው የሰፋ፣ ባለ ቀስት፦ ከነቸርኬው የትም አይሄድም።

አራተኛው ላይ አንድ ነገር ይወቁ። ውጭና ውስጥ ያለውን ጎማ ከግራ ወደ ቀኝ ሲያዛውሩት የሚቀየረው የሚዞርበት አቅጣጫ ነው እንጂ ጠርዙ አይደለም፤ የውስጡ ጠርዝ እዚያም የውስጥ ነው። የመጋዝ ጥርሱን ያለሰልሳል፣ የግራና የቀኝን ልዩነት ያቀራርባል፤ በካምበር የሚበላውን ጠርዝ ግን አያሳርፍም። ችግርዎ ያ ብቻ ከሆነ ድካምዎን ይቆጥቡና ወደ አላይመንት ይሂዱ።

ጊዜው በየ8,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ለስላሳ የበጋ ጎማ ከሆነ 5,000 ላይ። በፊት ጎማው ለሚጎተት መኪና መዘግየት አደጋም አለው፤ ያለቁት የፊቶቹ ወደ ኋላ ስለሚሄዱ በዝናብ የመኪናው ጅራት ቀድሞ ይከዳል። የፊትና የኋላው ልዩነት ከ2 ሚሊ ሜትር ካለፈ ባያቀያይሩ ይሻላል፤ የፊቶቹን ጨርሰው አዲስ ሲገዙ አዲሶቹን ከኋላ ያስገቡ። በአራቱም የሚነዳ ከሆነ ልኩ ይበልጥ ይጠብቃል። ሱባሩ የሚፈቅደው የጎማ ዙሪያ ልዩነት 6.4 ሚሊ ሜትር ነው፤ ይህ በጥርስ ጥልቀት ሲሰላ 1 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ከዚያ ካለፈ በመሐል ያለው ዲፈረንሻል (ጉልበቱን ለፊትና ለኋላ የሚያከፋፍለው) ያለ እረፍት እየሠራ ይግላል።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

• ዝቅ ያለ የወለል ክሪክ፣ ቢያንስ 2 ቶን የሚያነሳ፣ ሲወርድ ከፍታው ከ9 ሴንቲ ሜትር ያልበለጠ
• መኪናውን ደግፈው የሚያቆሙ ባለ ሦስት ወይም ባለ አራት እግር ብረቶች፦ ለግራና ቀኝ ዝውውር ወይም ለአንድ ጎን 2፣ ለመሻገር 4
• ጎማ የሚያስር ታኮ 2፤ ለክሪኩ አናት የሚሆን ጠንካራ ላስቲክ
• ቶርክ ሬንች፣ ማለትም የሚያጠብቅበትን ኃይል የሚለካ መፍቻ (ከ60 እስከ 220 ኒውተን ሜትር) እና ልኩ የሆነ ረጅም ቡሽላ፣ ቢቻል ፕላስቲክ የለበሰ
• የሌባ መከላከያ ዳዶ ካለ ቁልፉ
• የጥርስ ጥልቀት መለኪያ፣ የነፋስ መለኪያ፣ ጠመኔ፣ የሽቦ ብሩሽ፣ ጨርቅ
• እንደ 911 በዳዶ ሳይሆን በብሎን ለሚታሰር መኪና፦ ወደ ብሎኑ ቀዳዳ የሚገባ የመምሪያ ዘንግ 2

ክፍል 2፦ ሥራው

7. መኪናውን ሜዳ በሆነ ሲሚንቶ ላይ ያቁሙ። ፀሐይ የመታው አስፋልት አይሁን፤ የብረቱ እግር እየሰመጠ ይሄዳል። ማርሹን ያስገቡ (አውቶማቲክ ከሆነ ፒ ላይ)፣ የእጅ ፍሬን ይያዙ፣ ከማይነሱት ጎማዎች ሥር ታኮ ያድርጉ። የእጅ ፍሬን አብዛኛውን ጊዜ የሚይዘው የኋላውን ብቻ ነው፤ ኋላው ሲነሳ መኪናውን ይዞ የሚቀረው ታኮው ነው።

8. በየጎማው ላይ በጠመኔ የነበረበትን ቦታና የሚሄድበትን ይጻፉ። አራቱም ከወለቁ በኋላ ማስታወስ ከባድ ነው።

9. ጎማዎቹ መሬት ላይ እያሉ ዳዶዎቹን ሩብ ዙር ያህል ብቻ ያላሉ። ከተነሳ በኋላ በኃይል መጎተት መኪናውን ከብረቱ ላይ ያንሸራትታል።

10. ያንሱ። ዝቅ ያለ መኪና ሥር ክሪኩ ካልገባ ጎማዎቹን 4 ሴንቲ ሜትር በሚሆን ጣውላ ላይ አስቀድመው ያውጡ። ክሪኩ መመሪያው በሚያሳየው ነጥብ ላይ ብቻ ያርፍ፣ ላስቲኩም መሐል ይኑር፤ የጎን ፕላስቲኩ ወይም ከሥር ያለው ስስ ሽፋን አንድ ጊዜ ከተጫነ ይሰነጠቃል። አካሉ ግትር በሆነ መኪና፣ ለምሳሌ በ911፣ የኋላውን የጎን ነጥብ ሲያነሱ የፊቱም ጎማ አብሮ ይነሳል። ይህ ጥፋት አይደለም፤ ባልጠበቁት ጊዜ ግን ያስደነግጣል።

ብረቶቹን አስገብተው መኪናውን ያሳርፉ፣ ከዚያ በእጅ ገፋ አድርገው ይፈትሹ። ከተወዛወዘ መልሰው ያውርዱ። የወለቀውን ጎማ ከመኪናው ጎን ሥር አጋድመው ይተዉት፤ ብረቱ ቢከዳ ሰውና መሬት መሐል የሚቀረው እሱ ነው።

11. ጎማውን ያውጡ። በብሎን የሚታሰር ከሆነ መጀመሪያ ከላይ ያሉትን ሁለት ብሎኖች ፈትተው በቦታቸው የመምሪያ ዘንጉን ያስገቡ፣ ቀጥለው ሌሎቹን ይፍቱ፤ ቸርኬው በዘንጉ ላይ ተንሸራቶ ይወጣል። የሴራሚክ ፍሬን ዲስክ ያለው መኪና ላይ ይህ የግድ ነው። ቸርኬው ወድቆ የዲስኩን ጠርዝ ከመታው ይሸረፋል፣ የዚያ ዲስክ ዋጋም ከአራቱ ጎማ ይበልጣል።

ቸርኬው ሞዞው ላይ ተጣብቆ እምቢ ካለ አንድ ዳዶ በጥቂት ጥርስ አስቀርተው የጎማውን ጎን ከጀርባ በላስቲክ መዶሻ እያዞሩ ይምቱ። ቸርኬውን ራሱን አይምቱ።

12. ሞዞው ከቸርኬው ጋር የሚገጥምበትን ፊት በሽቦ ብሩሽ ያጽዱ፤ የቸርኬውን ጀርባም እንዲሁ። የቀረች ዝገት ወይም አሸዋ ቸርኬውን ዘንበል ታደርገዋለች፤ መኪናው ፍጥነት ላይ ይንቀጠቀጣል፣ ባላንስ ተበላሽቶ ነው ተብሎም በከንቱ ይደከማል። የብሎኑን ጥርስ ግን የመኪናው መመሪያ ካላዘዘ በቀር ቅባት አያስነኩት። የተቀባ ጥርስ በዚያው ቶርክ ከልኩ በላይ ይጠብቃል፣ ብሎኑም ይለጠጣል። ጎማው እንደወለቀ የፍሬን ሸራውን ውፍረትና የጎማውን የውስጥ ጎን ይዩ፤ እንዲህ በግልጽ የሚታይበት ሌላ ጊዜ የለም።

13. ወደ አዲሱ ቦታ ያስገቡ። ቀስት ካለ በጎማው አናት ላይ ሲሆን ወደ መኪናው አፍንጫ ያመልክት፤ «አውትሳይድ» ወደ እርስዎ ይይ። ዳዶዎቹን ሁሉ በእጅ ይጀምሩ። በእጅ ሦስት ዙር ያልሄደ ዳዶ ጥርሱን ስቷል፤ ፈትተው እንደገና ይጀምሩ።

14. ጎማው መሬት እስኪነካ አውርደው በቶርክ ሬንች በኮከብ ቅርጽ፣ አንዱን ዘለው አንዱን እያሉ፣ በሁለት ዙር ያጥብቁ፤ መጀመሪያ በግማሽ ኃይል፣ ከዚያ በሙሉ። ኃይሉ በየመኪናው ይለያያል፦ ጂአር86 120 ኒውተን ሜትር፣ ኤምኤክስ-5 ከ108 እስከ 147፣ ሙስታንግ (ከ2015 ወዲህ) 204፣ ባለ አምስት ብሎን 911 በአሁኑ ትውልዱ 160። በመሐል አንድ ትልቅ ዳዶ ብቻ ያላቸው 911ዎች 600 ኒውተን ሜትር ይጠይቃሉ፤ የራሳቸው መሣሪያና አሠራር ስላላቸው ቤት ውስጥ አይሞከሩም።

15. ነፋሱን ጎማው ቀዝቃዛ ሳለ እንደ አዲሱ ቦታው ያስተካክሉ። የሚረሳው ይህ ነው። በበሩ ፍሬም ላይ ያለው ሰሌዳ ለፊትና ለኋላ የተለያየ ቁጥር ካለው የተዛወረው ጎማ የድሮ ቦታውን ነፋስ ይዞ ሄዷል፤ መኪናውም በማያውቁት ጠባይ ይታጠፋል።

16. የነፋስ ጠቋሚውን ያስተምሩ። አንዳንዱ መኪና እየተነዳ በራሱ ያውቃል፤ ሙስታንግ ላይ ቦታቸውን እንደገና ማስመዝገብ ያስፈልጋል፤ ሲቪክ ታይፕ አር ነፋሱን የሚገምተው ከጎማው ፍጥነት ስለሆነ በስክሪኑ ላይ ካሊብሬሽኑን ማስጀመር አለብዎት። ካልተደረገ የኋላ ግራው ሲተነፍስ የፊቱን ቀኝ ሊያሳይዎ ይችላል።

17. ከ80 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከሄዱ በኋላ ዳዶዎቹን በዚያው ቶርክ ደግመው ይፈትሹ። እስከዚያ ድረስ በዝግታ ይንዱ፤ ጎማው በአዲሱ ማዕዘን መሬት እስኪለምድ ትንሽ ድምፅ ቢያሰማ የተለመደ ነው። ከ300 ኪሎ ሜትር በኋላም ካልጠፋ ወደ ደረጃ 5 ይመለሱ።

የኋላው ለሰፋና ባለ ቀስት ለሆነ ጎማ፦ ጎሚስታ ቤት የሚሠራ

ጥርሱ በሁለቱም ጠርዝ አንድ ዓይነት የሆነ ባለ ቀስት ጎማ አንድ መፍትሔ አለው። የኋላ ግራውን ጎማ ከቸርኬው አውልቀው፣ ገልብጠው፣ በኋላ ቀኙ ቸርኬ ላይ ያስገቡት፤ የቀኙንም ወደ ግራው። ቀስቱ ትክክለኛ አቅጣጫውን ይጠብቃል፤ የተበላው የውስጥ ጠርዝ ወደ ውጭ ወጥቶ ያልተበላው ወደ ውስጥ ይገባል። ካምበሩ ብዙ ለሆነ መኪና ይህ ዘዴ የጎማውን ዕድሜ በእውነት ያራዝማል። ሁለት ቅድመ ሁኔታ አለው፦ የውስጥ ጠርዙ ቢያንስ 3 ሚሊ ሜትር ይቅረው፣ ጎማውም «አውትሳይድ» የማይል ይሁን። ባለሙያው የነፋስ ጠቋሚው ያለበትን ቦታ (ከመንፈሻው ሥር) ከማሽኑ ጥፍር እንዲያርቅ ይንገሩት፣ ሲጨርስም አዲስ ባላንስ ያሠሩ።

ብዙ ጊዜ የሚፈጠሩ ስህተቶች

• ባለ ቀስት ጎማ ማሻገር። በደረቅ መንገድ ምንም አይታወቅም፤ የሚታወቀው ኃይለኛ ዝናብ ላይ ነው።
• በኮምፕሬሰር መፍቻ እስከ መጨረሻው ማጥበቅ። ዲስኩ እኩል ያልሆነ ጫና ይይዛል፣ መንገድ ላይ ጎማ ሲፈነዳም ዳዶው በእጅ አይፈታም። ጎሚስታው በማሽን ካስጀመረ መጨረሻውን በቶርክ ሬንች እንዲያደርግ ይጠይቁት።
• የሌባ መከላከያውን ቁልፍ ጎሚስታ ቤት ትቶ መሄድ።
• የጎማውን ዕድሜ አለማየት። በጎኑ ላይ ያለው ባለ አራት አሃዝ ቁጥር ሳምንቱንና ዓመቱን ይናገራል፤ 2321 ማለት የ2021 23ኛ ሳምንት ነው። ለዓመታት የቆመ መኪና ጎማ ጥርሱ ሙሉ ሆኖ ላስቲኩ ደርቆ ሊሆን ይችላል።

ማስጠንቀቂያ

በክሪክ ብቻ በቆመ መኪና ሥር እጅዎንም አያስገቡ። ሽቦው የወጣ፣ ጎኑ ያበጠ ወይም ጎኑ የተሰነጠቀ ጎማ ካገኙ ዝውውሩን ያቁሙ፤ በዚያ ጎማ ወደ ጎሚስታ ቤት እንኳ አይነዳም፣ ቸርኬው ወልቆ በሌላ መኪና ይሄዳል። 12ቱን ቁጥሮች ከቀኑና ከኪሎ ሜትሩ ጋር መመሪያ መጽሐፉ ውስጥ ያስቀምጡ፤ በሚቀጥለው 5,000 ወይም 8,000 ላይ ሲለኩ የትኛው ጠርዝ ስንት ሚሊ ሜትር እንደሄደ የሚያሳይዎት እሱ ነው።